የፊልም ክርክርና ወዳጅነት

ሰው ከሲኒማ አዳራሽ እንደ ወጣ ወዳጁን ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው «እንዴት አየኸው?» ብሎ ነው። ጥያቄው አጭር ነው፤ መልሱ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከጥያቄው ያጥራል። አንዱ «ግሩም ነው» ይላል፤ ሌላው «ገንዘቤን አባከንኩ» ይላል፤ ሦስተኛው ፊቱን ቅጭም አድርጎ ዝም ይላል። ከዚህ በኋላ ወሬው ወደ ታክሲው፣ ወደ ዝናሙና ወደ ራቱ ይዞራል። ሁለት ሰዓት ሙሉ በጨለማ ተቀምጠው ያዩት፣ የሳቁበትና ያለቀሱበት ነገር በአንድ ቃል ተደምድሞ ቀረ ማለት ነው።

እንግዲህ «ግሩም ነው» ማለትም ሆነ «አይረባም» ማለት አስተያየት አይደለም። የአስተያየት ጫፍ ነው እንጂ። አስተያየት የሚባለው «ስለ ምን?» ተብሎ ሲጠየቅ መልስ ያለው ቃል ነው። ይህም ቀላል ነገር መስሎ የሚታያቸው ሰዎች ይኖሩ ይሆናል። «ፊልም መዝናኛ ነው፤ ታይቶ ይረሳል፤ በእርሱ መከራከር ምን ይጠቅማል?» ይሉ ይሆናል። ነገር ግን ስለ ፊልም በሚደረግ ጨዋታ ምክንያት ታላላቅ ፊልሞች ተሠርተዋል፤ በዚያው በፊልም ጨዋታ ምክንያትም የሃያ ዓመት ወዳጅነት ፈርሷል። ሁለቱም በታሪክ የታወቁ ናቸውና ወደ ኋላ እንደርስባቸዋለን።

መጀመሪያው አስተያየት

የሉሚዬር ወንድማማቾች በፓሪስ ከተማ በአንድ ካፌ ምድር ቤት ውስጥ ተንቀሳቃሽ ሥዕሎቻቸውን ገንዘብ ከፍሎ ለገባ ሕዝብ ያሳዩት እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 28 ቀን 1895 ነው። በዚያ ምሽት የታዩት ፊልሞች አሥር ሲሆኑ እያንዳንዳቸው አንድ ደቂቃ እንኳ በቅጡ አይሞሉም ነበር። ሠራተኞች ከፋብሪካ ሲወጡ፣ ሕፃን ምግብ ሲጎርስ፣ አትክልተኛ በገዛ ውሃው ሲረጥብ የሚያሳዩ ነበሩ።

ይህ አዲስ ጥበብ ብዙ ዓመት ሳይቆይ ወደ አገራችን ደረሰ። በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ በአዲስ አበባ የተከፈተውን የፊልም ማሳያ ቤት ሕዝቡ «ሰይጣን ቤት» ብሎ ሰየመው። በውነቱ ነገሩን ካሰብነው በከተማችን ስለ ፊልም የተሰጠው የመጀመሪያው አስተያየት ይህ ስም ነው። በጨለማ ቤት ውስጥ በግድግዳ ላይ የሚሮጥና የሚስቅ፣ ነገር ግን ቢዳስሱት የማይጨበጥ ሰው ያየ ተመልካች ያየውን ለጎረቤቱ ለማስረዳት ሌላ ምን ቃል ነበረው? ቃሉ የፍርሃት ነው፤ የመደነቅም ነው። ሁለት ቃል ብቻ ሆኖ ሳለ ተመልካቹ ምን እንደ ተሰማው ከብዙ «ግሩም ነው» ይልቅ አስረድቷል።

ከዚያ ወዲህ ሲኒማ ኢትዮጵያ፣ ሲኒማ አምፒር፣ ሲኒማ ራስና አምባሳደር የተባሉት አዳራሾች ለብዙ ትውልድ የቅዳሜና የእሑድ መሰብሰቢያ ሆነው ኖሩ። የህንድ፣ የኢጣሊያና የአሜሪካ ፊልሞች ታዩባቸው። በ1957 ዓ.ም. ደግሞ «ሂሩት አባቷ ማነው?» የተባለው የመጀመሪያው ረዥም የኢትዮጵያ ፊልም ወጣ። ቀጥሎ በ1966 ዓ.ም. «ጉማ» ታየ። በዚህን ጊዜ «እንዴት አየኸው?» የሚለው ጥያቄ አዲስ ክብደት አገኘ፤ ምክንያቱም ተመልካቹ የሚመዝነው የሰው አገር ሥራ ብቻ መሆኑ ቀርቶ የገዛ ወገኑን ሥራ መመዘን ግድ ሆነበት። ወገን ሲመዘን ደግሞ ሚዛኑ ወዲያና ወዲህ ማለቱ የታወቀ ነው።

የሦስት ወዳጆች ጨዋታ

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቡና ይዘው የተቀመጡ ሦስት ወዳጆችን እናስብ። አንደኛው ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ሁለተኛዋ በባንክ የምትሠራ ሴት ናት። ሦስተኛው ወጣት ፎቶግራፍ አንሺ ነው። ጥያቄው «ከሁሉ የምትወዱት ፊልም የትኛው ነው?» የሚል ነው እንበል።

መምህሩ ሳያመነቱ እ.ኤ.አ. በ1957 የወጣውን «ማዘር ኢንዲያ» የተባለውን የህንድ ፊልም ይጠራሉ። አዘጋጁ መህቡብ ካን ሲሆን ናርጊስ የተባለችው አክትሬስ ራዳ የምትባለውን እናት ሆና ሠርታበታለች። ራዳ ባሏ ሁለት እጁን አጥቶ ከቤት ከጠፋ በኋላ በአራጣ አበዳሪ ዕዳ ተይዛ፣ ጎርፍና ረኀብ እየተፈራረቁባት ልጆቿን ታሳድጋለች። ታናሹ ልጇ ቢርጁ አድጎ ሽፍታ ይሆናል። አበዳሪውን ከገደለ በኋላም የአበዳሪውን ሴት ልጅ በሠርጓ ቀን ሊጠልፍ ሲሸሽ እናቱ ጠመንጃ አንሥታ ትገድለዋለች።

«ጋሼ፣ እርስዎ ይህን እንዴት ወደዱት?» ትላለች የባንክ ሠራተኛዋ። «እናት ልጇን ገድላ? እኔ ያን ስመለከት አዳራሹን ለቅቄ ልወጣ ነበር።»

«ልጄ፣ እኔም ደስ ብሎኝ አላየሁትም» ይላሉ መምህሩ። «ነገር ግን ልብ ብለሽ እዪው። የተጠለፈችው የጠላቷ ልጅ ናት። ራዳ ‹የጠላቴ ልጅ ናትና ምን አገባኝ› ብትል ማንም አይፈርድባትም ነበር። እኔ የወደድኩት መግደሏን አይደለም፤ የሰው ልጅን ክብር ከራሷ ልጅ አለማሳነሷን ነው።»

«ታዲያ ልጁን ሽፍታ ያደረገው ማነው? ያው አበዳሪው አይደለም ወይ? ፍርዱ ግን በልጁ ላይ ብቻ አረፈ» ትላለች።

አንባቢ ሆይ፣ እነዚህ ሁለት ሰዎች የሚከራከሩት ስለ ምንድን ነው? ስለ ፊልም ነው ብንል ግማሹን ብቻ ነው የተናገርነው። የሚከራከሩት ፍርድ ምን እንደ ሆነ፣ እናት ለልጇና ለአገሯ ምን ዕዳ እንዳለባት ነው። ይህን የመሰለውን ጥያቄ ያለ ፊልሙ በቡና ላይ ቢያነሡት ወይም ስብከት ይሆናል፣ ወይም ጠብ ይሆናል። ፊልሙ በመካከላቸው ስላለ ግን ማንም በማንም ላይ ሳይፈርድ በራዳ ላይ እየፈረዱ ልባቸውን ይገላለጣሉ። የፊልም ጨዋታ የመጀመሪያው ጥቅም ይህ ነው።

የባንክ ሠራተኛዋ ተራዋ ሲደርስ እ.ኤ.አ. በ1948 ቪቶርዮ ደ ሲካ በሮም ከተማ ያዘጋጀውን «የብስክሌት ሌቦች» የተባለውን የኢጣሊያ ፊልም ትጠራለች። ሥራ አጥቶ የኖረው አንቶንዮ ማስታወቂያ የመለጠፍ ሥራ ያገኛል፤ ለሥራው ግን ብስክሌት ያስፈልጋል። ሚስቱ የአልጋ አንሶላዎቹን አስይዛ ብስክሌቱን ከመያዣ ታወጣለታለች፤ በመጀመሪያው የሥራ ቀን ይሰረቃል። አባትና ልጅ እሑድን ሙሉ በከተማው ሲፈልጉ ይውላሉ፤ በመጨረሻም አባትየው ራሱ ብስክሌት ሊሰርቅ ሲሞክር ልጁ እያየው ይያዛል። አባትየውን ሆኖ የሠራው ላምቤርቶ ማጆራኒ አክተር ሳይሆን የፋብሪካ ሠራተኛ ነበር። አንድ የአሜሪካ ፊልም ባለሀብት ዝነኛው ኬሪ ግራንት እንዲሠራበት ከተፈቀደ ገንዘብ ልስጥ ቢል ደ ሲካ እንቢ ማለቱ ይታወቃል።

«መጨረሻው ግን ምንም አይፈታም» ይላል ፎቶግራፍ አንሺው። «ብስክሌቱ አልተገኘ፣ ሥራው አልተመለሰ። ከሰው መካከል ገብተው ይሄዳሉ፤ አለቀ። ይህ መጨረሻ ነው?»

«የቱ ላይ ነው አለቀ ያልከው?» ይላሉ መምህሩ።

«ሰዎቹ ከለቀቁት በኋላ፣ አባትየው እያለቀሰ ሲሄድ።»

«ልጁስ በዚያን ጊዜ ምን አደረገ?»

ወጣቱ ጥቂት ያስባል። «የአባቱን እጅ ያዘ» ይላል።

«እንግዲያው አንድ ነገር ተፈትቷል» ይላሉ መምህሩ።

በዚህ ጨዋታ ውስጥ የመምህሩን ጥያቄ ልብ ይሏል። «ተሳስተሃል» አላሉም፤ «የቱ ላይ?» ብለው ጠየቁ እንጂ። ሁለት ትንንሽ ቃላት ናቸው፤ ነገር ግን ጭፍን ክርክርን ወደ ማየት የሚመልሱ ናቸው። «አይረባም» ላለ ሰው «የቱ ላይ?» ብንለው ወይ የሚያሳየው ቦታ ይኖረዋል፣ ወይም እንደሌለው ራሱ ያውቃል። «ግሩም ነው» ላለውም ሰው እንዲሁ ነው።

የራስን ሥራ ስለ መመዘን

ፎቶግራፍ አንሺው የመረጠው የኃይሌ ገሪማን «ጤዛ» ነው። ይህ ፊልም እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ የፊልም በዓል ልዩ የዳኞችን ሽልማትና የድርሰት ሽልማትን አግኝቷል፤ በ2009 ደግሞ በዋጋዱጉ በሚደረገው የአፍሪካ ፊልም በዓል የመጀመሪያውን ሽልማት ወስዷል። ታሪኩ በጀርመን አገር ተምሮ ወደ ትውልድ መንደሩ የተመለሰው የአንበርብር ነው። ወጣቶች ለጦርነት እንዳይታፈሱ በዋሻ ሲደበቁ ያያል፤ በውጭ አገር ከጓደኞቹ ጋራ ስለ አገር ያደረገው ክርክርና በአዲስ አበባ የደረሰበት መከራ እየተመላለሰ ይታየዋል።

በዚህን ጊዜ ጨዋታው መልኩን ይለውጣል። ቀድሞ ሲከራከሩ የነበሩት ሰዎች አሁን ሦስት ዓይነት ሚዛን ሲያወጡ እንመለከታለን።

የመጀመሪያው ሚዛን «የራሳችን ነውና አትንኩት» የሚለው ነው። ፊልም መሥራት በአገራችን ገንዘብ፣ መሣሪያና ጊዜ የሚያንስበት ከባድ ሥራ መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን ድካሙን ማክበር አንድ ነገር ነው፤ ጉድለቱን መሸፈን ሌላ ነገር ነው። ድምፁ የማይሰማውን «ይሰማል»፣ ታሪኩ መንገድ የሳተውን «ደርሷል» ብለን የምናሞግሰው ባለሙያ በሚቀጥለው ሥራው በዚያው ስሕተት ይመጣል። ያሞገስነው መስሎን ያስቀረነው እኛ ነን።

ሁለተኛው ሚዛን «ውጭ አገር ተሸልሟልና ጥሩ ነው» የሚለው ነው። የዘረሰናይ ብርሃነ መሓሪ «ድፍረት» እ.ኤ.አ. በ2014 በሰንዳንስና በበርሊን የፊልም በዓላት የተመልካቾችን ሽልማት ያገኘ ፊልም ነው። የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» በ2015 በካን የፊልም በዓል ዋና ምርጫ ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ነው። ይህ የሚያኮራ ነው። ነገር ግን ዋንጫው ስለ ዳኞቹ ፍርድ ይነግረን ይሆናል እንጂ በእኛ ፋንታ ፊልሙን አያይልንም።

ሦስተኛው ሚዛን ከሁሉ የከፋው ነው። እርሱም ሳያዩ «የኛ ፊልም ምን ይታያል?» ማለት ነው። ይህን የሚል ሰው ብዙ ጊዜ የሚጠራው የፊልም ስም የለውም።

ታዲያ ትክክለኛው ሚዛን የትኛው ነው? እንደገና ወደ «የቱ ላይ?» እንመለሳለን። «ላምብ» እናቱ የሞተችበትና አባቱ ከዘመድ ዘንድ ትቶት የሄደ የኤፍሬም ታሪክ ነው። ኤፍሬም የሚያጽናናው ቹኒ የምትባል በጉ ብቻ ናት። እርሱ የሚወደው ምግብ ማብሰል ነው፤ አጎቱ ግን ወንድ ልጅ ወጥ ቤት ምን ይሠራል የሚል ሰው ነው፤ በጓም ለበዓል እንድትታረድ ያዝዛል። አንዱ ተመልካች «ተራራው እጅግ ያማረ ሆኖ ታይቷል፤ ለውጭ አገር ሰው ዓይን የተሠራ ነው» ይላል። ሌላው «የለም፣ ልጁ ምጣድ ላይ ሲሠራ የሚታይበት ለእኔ ነው፤ በቤታችን ያለውን ወግ ይነካል» ይላል። ሁለቱም ቦታ ጠርተዋልና ሁለቱም አስተያየት ሰጥተዋል። ወገንነትም ዋንጫም ሳያስፈልጋቸው በፊልሙ ላይ ተገናኝተዋል።

በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣው የሞገስ ታፈሰ «ቁራኛዬ» ደግሞ ለዚህ ጉዳይ የሚስማማ ወግ ያስታውሰናል። እንደሚታወቀው በቀድሞ ዘመን በአገራችን ከሳሽና ተከሳሽ እስኪፈረድላቸው ድረስ አንድ ላይ ይቆራኙ ነበር። ጠላቶች ሆነው ሳለ አንድ መንገድ ይሄዳሉ፤ በአንድ ጥላ ሥር ያርፋሉ፤ ዳኛ ፊት አብረው ይቆማሉ። አንዱ ጥሎ ቢሄድ ነገሩ አይታይም። ለወዳጆች የፊልም ክርክርም ቁራኝነት ያስፈልገዋል። ተቆጥቶ ተነሥቶ የሚሄድ ሰው ክርክሩን አላሸነፈም፤ አፈረሰው እንጂ።

የፓሪስ ወዳጆች

ከላይ እንደ ጠቀስነው የፊልም ጨዋታ ታላላቅ ፊልሞችን አስገኝቷል፤ ወዳጅነትም አፍርሷል። ይህም ሁሉ የደረሰው በአንድ የወዳጆች ቡድን ላይ ነው።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በፓሪስ ከተማ ፍራንሷ ትሩፎ፣ ዣን ሉክ ጎዳር፣ ዣክ ሪቬት፣ ኤሪክ ሮሜርና ክሎድ ሻብሮል የተባሉ ፊልም ወዳዶች በፊልም ማኅበሮችና አንሪ ላንግልዋ ባቋቋመው የፊልም መዝገብ ቤት፣ በሲኔማቴክ፣ እየተገናኙ ፊልም ያዩ ነበር። ካዩ በኋላ ይከራከራሉ፤ ከተከራከሩ በኋላ እንደገና ሄደው ያያሉ። እ.ኤ.አ. በ1951 «ካዬ ዱ ሲኔማ» የተባለ መጽሔት ሲመሠረት ክርክራቸው በጽሕፈት መውጣት ጀመረ።

ከመጽሔቱ መሥራቾች አንዱ አንድሬ ባዜን ነው። ትሩፎ አባካኝ ልጅ ነበር፤ በልጅነቱ በጠባይ ማረሚያ ቤት ታስሯል፤ በኋላም ከወታደርነት ጠፍቶ ተይዟል። ከእስራት እንዲወጣ የደከመለትና በቤቱ ያስቀመጠው ባዜን ነው። ነገር ግን ይህ ሁሉ ውለታና ፍቅር እያለ በአሳብ ሁልጊዜ አልተስማሙም። ወጣቶቹ «የፊልም ባለቤት አዘጋጁ ነው፤ ታላቅ አዘጋጅ የሠራው ሁሉ ታላቅ ነው» ወደሚል አሳብ ሲያዘነብሉ ባዜን በ1957 በዚያው በመጽሔታቸው አሳባቸው የሚደርስበትን ስሕተት ገልጾ ጻፈ። ሰውን ማምለክ ሥራውን ከማየት እንዳይከለክላቸው አሳሰባቸው። ልብ ይሏል፤ የተቃወማቸው ያሳደጋቸው ሰው ነው፤ የተቃወማቸውም በአደባባይ ነው። ወዳጅነታቸው ግን አልተበጠሰም።

ትሩፎ ራሱ ብዕሩ ስለታም ነበር። በ1954 የጻፈው ጽሑፍ በጊዜው የተከበሩትን የፈረንሳይ ፊልም ሰዎች እጅግ አስቆጥቷል። በ1958 የካን የፊልም በዓል ከበዓሉ ከለከለው። በሚቀጥለው ዓመት በ1959 ግን ራሱ ባዘጋጀው «ሌ ካትር ሳን ኩ» በተባለው ፊልም በዚያው በካን የአዘጋጅነትን ሽልማት አገኘ። ባዜን ይህን አላየም። ፊልሙ መነሣት በጀመረ በማግሥቱ፣ ኖቬምበር 11 ቀን 1958፣ በ40 ዓመቱ ዐረፈ። ትሩፎም ፊልሙን ለመታሰቢያው አደረገው። ቀጥሎ በ1960 ጎዳር «አ ቡ ደ ሱፍል» የተባለውን የመጀመሪያ ረዥም ፊልሙን አወጣ፤ የታሪኩን መነሻ የጻፈለት ወዳጁ ትሩፎ ነበር። በሲኒማ ቤት ደጃፍ የተጀመረ ክርክር የዓለምን ፊልም መልክ ለወጠ ማለት ነው።

አሁን ደግሞ ሌላውን ወገን እንመልከት። በ1973 ትሩፎ ፊልም እንዴት እንደሚሠራ የሚያሳይ «ላ ኑዊ አሜሪኬን» የተባለ ፊልም አወጣ፤ ራሱም የአዘጋጁን ቦታ ይዞ ሠራበት። ፊልሙ በዓለም ዙሪያ ተወደደ፤ በአሜሪካም የኦስካር ሽልማት አገኘ። ጎዳር ግን አይቶት ሲወጣ ለትሩፎ ደብዳቤ ጻፈ። በደብዳቤው ወዳጁን «ውሸታም» አለው፤ የፊልም ሥራን እውነት ደብቀሃል ሲል ወቀሰው፤ በዚያው ደብዳቤ ላይ ለራሱ ፊልም ገንዘብ እንዲሰጠው ጠየቀው። ትሩፎም በብዙ ገጽ የተጻፈ መልስ ሰጠ፤ በውስጡ ለዓመታት የተጠራቀመ ቅሬታ ሁሉ ወጣበት። ከዚያ በኋላ አልታረቁም። ትሩፎ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 21 ቀን 1984 በ52 ዓመቱ ሞተ። የትሩፎ ደብዳቤዎች በ1988 በመጽሐፍ ሲታተሙ መቅድሙን የጻፈው ጎዳር ነው፤ ነገር ግን መቅድሙን የሚያነብለት ወዳጅ በሕይወት አልነበረም።

እንግዲህ ባዜንም ተቃወመ፤ ጎዳርም ተቃወመ። ስለ ምን የአንዱ ተቃውሞ ወዳጅነትን አጠነከረ፣ የሌላው አፈረሰ? ልዩነቱ በቃሉ መራራነት ብቻ አይደለም። ባዜን «ይህ አሳብ ወዴት ይወስዳችኋል?» አለ። ጎዳር «አንተ ውሸታም ነህ» አለ። አንዱ የተናገረው ስለ ሥራውና ስለ አሳቡ ነው፤ ሌላው የተናገረው ስለ ሰውየው ነው። ፊልም ሊታረም ይችላል፤ ባይታረም እንኳ የሚቀጥለው ይሻላል። «ውሸታም» የተባለ ሰው ግን ምኑን ያርመዋል? ጦር የወጋው ይድናል፣ ምላስ የወጋው ግን አይድንም ያሉት አባቶቻችን ይህን ስላወቁ ነው።

የዛሬው አያያዝ

ዛሬ ፊልም የሚታየው በአዳራሽ ብቻ አይደለም። ብዙ ሰው በቤቱ፣ በስልኩ፣ ብቻውን፣ አንዳንዴም እየከፋፈለ ያያል። ይህ ምቾት ነው፤ የሚያጎድለው ነገር ግን አለ። አብረው ያላዩ ወዳጆች አብረው አይወጡም፤ አብረው ካልወጡም በደጃፍ ላይ «እንዴት አየኸው?» የሚባለው ጥያቄ ይቀራል። አዲስ ፊልም በወጣ ቁጥር ደግሞ ሰው ሳያይ ወገን የመያዝ ልማድ በርትቷል። እ.ኤ.አ. በጁላይ 21 ቀን 2023 «ኦፐንሃይመር» እና «ባርቢ» የተባሉት ሁለት የአሜሪካ ፊልሞች በአንድ ቀን ሲወጡ አንዱ ስለ አቶሚክ ቦምብ፣ ሌላው ስለ አሻንጉሊት በመሆናቸው ብቻ ሰው ገና ሳያያቸው «ይህ ለቁም ነገረኛ፣ ያ ለሕፃናት» ብሎ የፈረደ ብዙ ነበር። በሌላ በኩል ሁለቱንም በአንድ ቀን ያየና ከወዳጆቹ ጋራ ያነጻጸረም ብዙ ነበር። የኋለኛው ሰው የተሻለ መንገድ እንደ ተከተለ አያጠራጥርም።

ስለዚህ ወዳጆች ስለ ፊልም ሲጨዋወቱ የሚከተሉትን ነገሮች ቢያስቡ ይጠቅማቸዋል።

አንደኛ፣ ያላዩትን አለመፍረድ ነው። «ሰዎች እንዲህ አሉ» የሚለው ቃል ወሬ ነው እንጂ አስተያየት አይደለም።

ሁለተኛ፣ ላላየ ወዳጅ መጨረሻውን አለመናገር ነው። የፊልምን መጨረሻ አስቀድሞ መንገር ከእንግዳ ፊት ማዕድ እንደ ማንሣት ያህል ነው።

ሦስተኛ፣ «አልወደድኩትም» እና «አይረባም» የሚሉትን ሁለት ቃላት አለመቀላቀል ነው። የመጀመሪያው ስለ ራስ ይናገራል፤ ሁለተኛው ስለ ሥራው። ሰው ያልወደደው ፊልም በደንብ የተሠራ ሊሆን ይችላል፤ የወደደውም ብዙ ጉድለት ሊኖረው ይችላል።

አራተኛ፣ ሁሉ ሰው ከአንድ ወንበር ላይ እንደማያይ ማወቅ ነው። ጃፓናዊው አኪራ ኩሮሳዋ በ1950 ባዘጋጀው «ራሾሞን» በተባለው ፊልም አንድን ግድያ አራት ሰዎች በአራት መንገድ ይተርኩታል፤ ተመልካቹም ማንን እንደሚያምን ይቸገራል። ወዳጅ ከኛ የተለየ ነገር አየሁ ሲል «አላየህም» ከማለት በፊት የት ቆሞ እንዳየ መጠየቅ ይገባል።

አምስተኛና ዋነኛው፣ ሥራውን ከሠሪው፣ አስተያየቱንም ከተናጋሪው መለየት ነው። በተለይ ፊልሙን የሠራው በመካከላችን ያለ ወዳጅ ወይም የአገር ልጅ ሲሆን እውነቱን ልንነግረው ይገባል። ነገር ግን ቦታውን ጠርተን፣ ምክንያቱን ሰጥተን፣ ክብሩን ጠብቀን ይሁን። ከጀርባው «አይረባም» ብሎ ከፊቱ «ግሩም ነው» የሚል ሰው ወዳጁንም ፊልሙንም አልረዳም።

በአገራችን ፊልም የሚሠሩ ወጣቶች ቁጥር በዚህ ባለንበት ዘመን ብዙ ነው። ካሜራም እንደ ጥንቱ የጥቂቶች ንብረት መሆኑ ቀርቷል። የጎደላቸው ብዙ ነገር ቢኖርም ከሁሉ የሚበልጠው ግን ገንዘብ ላይሆን ይችላል፤ ሥራቸውን እስከ መጨረሻው ተቀምጦ የሚያይ፣ አይቶም «እዚህ ላይ አምኜህ ነበር፣ እዚህ ላይ ግን ጠፋህብኝ» የሚላቸው ተመልካች ነው። የፓሪሶቹን ወጣቶች አዘጋጆች ያደረጋቸው ትምህርት ቤት ሳይሆን እንዲህ ያለው ጨዋታ ነበር። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እንዲሉ፣ ዛሬ መራራ መስሎ የታየ የወዳጅ ቃል ነገ በሚሠራው ፊልም ውስጥ ጣፋጭነቱ ይታወቃል። ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ ወዳጅህ በሚቀጥለው ጊዜ «እንዴት አየኸው?» ሲልህ በአንድ ቃል አትሸኘው፤ የቱ ላይ እንደ ወደድከውና የቱ ላይ እንደ ከፋህ ንገረው፤ የእርሱንም እስከ መጨረሻው ስማ።